ታፔላውን ትታችሁ ልጁን ተመልከቱ

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ልጅ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። የሚያስቆጣችሁ ነገር አይጠፋውም፤ ከናንተ በፊት እኔን አስቆጥቶኛል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከዐስር ሰላት በኋላ ጫማዬን ስፈልግ አንድ የሰፈራችን ነጋዴ ክንዴን ያዘኝ። በሌላው እጁ የልጁን ደብተር ይዟል። «ኡስታዝ፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ» አለኝ። ገለጥኩት። ሽፋኑ ላይ ከተለጠፈው የልጁ ስም በቀር አንድ ፊደል የለበትም።

«አምስት ወር ሙሉ ከፍያለሁ። ሞንተሶሪ ነው ብለውኝ። የጎረቤቴ ልጅ ከኤ እስከ ዜድ ይጽፋል፤ የኔው ባቄላ ሲገለብጥ ይውላል። ላስወጣው ነው። ምን ይላሉ?»

እኔ የኢማሙ ረዳት ነኝ። ሰው ስለ ኒካሕ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ዘካ ይጠይቀኛል። የኬጂ ደብተር ይዞ የመጣ እሱ የመጀመሪያው ነው። «አስወጣው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። የመለሰኝ የራሴ ጉዳይ ነው። የእኔም የአራት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ ነው የምትውለው። የሷም ደብተር ባዶ ነው። እኔም ከሁለት ወር በፊት በዚሁ ንዴት ተነስቼ ሄጄ ነበር። ያየሁትን ነገርኩት። ዛሬ ደግሞ ለናንተ።

ያየሁት

ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ የሄድኩትም ለጸብ ተዘጋጅቼ ነው። የልጄ ክፍያ ከደመወዜ ላይ ሲነሳ የሚቀረው ትንሽ ነው። ባለቤቴ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች በመሸጥ ጉድለቱን ትሞላለች። ያን ሁሉ አስቤ ገባሁ። ኃላፊዋ አልተከራከረችኝም፤ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ገብተው ይዩ» አለችኝ። ጥግ ላይ የልጅ በርጩማ ሰጡኝና ሦስት ነገር አስጠነቀቁኝ፦ እንዳልናገር፣ ልጆቹን እንዳልጠራ፣ የወደቀ ነገር እንዳላነሳ።

የሦስት ዓመቱም የአምስት ዓመቱም አብረው ናቸው። ወደ አንድ አቅጣጫ የተደረደረ ወንበር የለም። መደርደሪያው ሁሉ በልጅ ቁመት የተሠራ ነው። አስተማሪዋን በዓይኔ ፈለግኳት፤ መሬት ላይ ተንበርክካ ለአንዲት ልጅ በሹክሹክታ የሆነ ነገር ታሳያለች።

ልጄ አየችኝ፣ ፈገግ አለች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ትንሽ ምንጣፍ አምጥታ ዘረጋች። ከዚያ ሮዝ ቀለም የተቀቡ ባለ አራት ማዕዘን እንጨቶችን አንድ በአንድ ማመላለስ ጀመረች። 10 ናቸው፤ ትልቁ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሿ 1 ሳንቲ ሜትር። አስር ጊዜ ሄዳ አስር ጊዜ ተመለሰች። «በዘንቢል አንድ ላይ ብታመጣው ምን አለበት?» አልኩ በልቤ፤ የመርካቶ ሰው ነኝ፣ ምልልስ ያናድደኛል። መደርደር ጀመረች። መሃል ላይ ትልቁን በትንሹ ላይ አደረገችና ግንቡ ተናደ። «ተሳሳትሽ» ያላት ሰው የለም። እንጨቱ ራሱ ነገራት። ከመጀመሪያው ጀመረች።

ቀጥሎ ባቄላ ሆነ። ከአንድ ትንሽ ጆግ ወደ ሌላው ስትገለብጥ ፈሰሰባት። ብድግ አልኩ። አስተማሪዋ ከማዶ ሆና እጇን ወደ ታች አደረገች፤ ይቀመጡ ማለቷ ነው። ልጄ ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመች። መደርደሪያ ሥር የገባችውን የመጨረሻዋን ፍሬ ለማውጣት በሆዷ ተኛች። አወጣቻት። ቀና ስትል ወደኔም አላየች፣ ጭብጨባም አልጠበቀች። እንደገና መገልበጥ ጀመረች።

እዚያ በርጩማ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ልጄ የጀመረችውን ሥራ ራሷ ስትጨርስ ያን ቀን ነው ያየኋት። ቤት ጫማዋን የማስረው እኔ ነኝ፤ ስለምቸኩል። የምታጎርሳት እናቷ ናት፤ ልብሷ እንዳይቆሽሽ። ደረጃ ስትወርድ እጇን ይዤ አንጠለጥላታለሁ። ቃል ሲጠፋት ቀድሜ እጨርስላታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ የረዳኋት መስሎኝ ሳቋርጣት ኖሬያለሁ።

ነገሩ ከየት መጣ?

«የፈረንጅ ነገር ነው» የምትሉ ወንድሞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ ታሪኩን እንይ።

ማሪያ ሞንተሶሪ በ1870 እ.ኤ.አ. የተወለደች ጣሊያናዊት ሐኪም ናት። የመጀመሪያውን የልጆች ቤት የከፈተችው ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር ነው። ወላጆቹ ለቀን ሥራ ሲወጡ የሚበትኗቸው ልጆች ደረጃውንና ግድግዳውን ስላበላሹ የሕንፃው ባለቤቶች ሰብሳቢ ፈለጉ። እሷ ሰበሰበቻቸው። ከዚያ ብዙ ሰው የማያደርገውን አደረገች፦ ተቀምጣ ተመለከተቻቸው። አንዲት የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ድቡልቡል እንጨቶችን በየቀዳዳቸው እየከተተች ስታወጣ ከ40 ጊዜ በላይ እንደደጋገመች ጽፋለች። ልጅቷን ከነወንበሯ አንስተው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጧት እንኳ ሥራዋን አላቋረጠችም። መንገዷ ሁሉ የተቀዳው ከዚያ እይታ ነው።

ልብ በሉ፤ ነገሩ የተጀመረው እንደ አብነት ባለ ሰፈር፣ እንደኛ ባለ ሰው ልጅ ነው። ዛሬ በከተማችን ስሙ የባለ መኪና ልጆች መለያ መሆኑ የታሪኩ መገልበጥ ነው።

«ጣሊያን ናት» ለሚል ደግሞ፦ የሙሶሊኒ መንግሥት መጀመሪያ ደግፏት በኋላ ተጣልተው በ1934 አገሯን ለቃ ወጥታለች። በቀጣዩ ዓመት ያ መንግሥት በእኛ ላይ ጦር ላከ። የአራዳን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ አዛውሮ መርካቶ የሚለውን የጣሊያን ቃል የተወልንም ያው ወረራ ነው። በዚህ ቃል ስንነግድ ስንት ዘመናችን ነው? ቃሉ የጣሊያን ነው ብሎ ትርፉን የመለሰ ነጋዴ አላየሁም። ከጠቀመን ወስደን፣ ካልጠቀመን እንተወው፤ መለኪያችን ግን ልጁ ይሁን።

አንደኛው ተወቃሽ፦ ታፔላ ሰቃዩ

ልጄን አሁን ካለችበት በፊት ሌላ ቦታ አስገብቻት ነበር። ስሙን አልጠራም። ታፔላው ላይ «ሞንተሶሪ» የሚለው ቃል ከትምህርት ቤቱ ስም ይበልጥ ጎልቶ ተጽፏል። ውስጡ ልጆች አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው «ኤ ፎር አፕል» ብለው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። የእንጨት መሣሪያዎቹስ? አሉ። በተቆለፈ የመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ። ለምን እንደተቆለፈ ስጠይቅ «ልጆቹ ይሰባብሩታል» አሉኝ።

ይሄ ማጭበርበር ነው። በገበያችን የበቆሎ ዱቄት የጤፍ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። በሚዛን ማጭበርበር ሐራም ከሆነ በልጅ ዕድሜ ማጭበርበር ምን ሊሆን ነው? ችግሩ «ሞንተሶሪ» የሚለው ቃል ጠባቂ የለውም። ማንም ሰው ቀለምና ብሩሽ ይዞ ግድግዳው ላይ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ጠባቂው እናንተ ናችሁ። ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ ማየት ጠይቁ። ስትገቡ እነዚህን ተመልከቱ፦

1. ልጁ ሥራውን ከመደርደሪያው ራሱ መርጦ ያነሳል ወይስ ሁሉም በትእዛዝ አንድ ዓይነት ይሠራል?
2. የጀመረውን እስኪጨርስ ይተዉታል? በትክክለኛው አሠራር ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል ያልተቆራረጠ የሥራ ጊዜ አለ። በየ30 ደቂቃው ደወል ካለ ጠይቁ።
3. ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉት አብረው ናቸው? ትልቁ ለትንሹ ሲያሳይ ታያላችሁ?
4. ሲሳሳት ምን ይሆናል? ይሰደባል፣ ይሳቅበታል ወይስ ራሱ እስኪያገኘው ይጠበቃል?
5. መሣሪያዎቹ አቧራ አላቸው? አቧራ ካላቸው ለእንግዳ የተቀመጡ ናቸው።

ገብቶ ማየት አይቻልም ካሏችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ሁለተኛው ተወቃሽ፦ እኛ ወላጆች

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ያንን ባለ መስታወት ቁምሳጥን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ሰው ሲሰናበተኝ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ እኛስ ብንከፍተው በወደድን። ወላጅ ደብተር ካላየ ልጁን ያስወጣብናል።» ተናደድኩ፤ ግን ውሸት ነው ማለት አልቻልኩም።

እኛ ደብተር እንፈልጋለን። የቤት ሥራ እንፈልጋለን። የአራት ዓመት ልጅ እንግዳ ፊት በእንግሊዝኛ እንዲቆጥርልን እንፈልጋለን። ምክንያታችን ጨርሶ ክፉ አይደለም። በደህና ጊዜ ያልተማርን ሰዎች ነን፤ ልጃችን እንዳይቀደም እንፈራለን። ግን ፍርሃታችንን የሚሸከመው ማን ነው? ጣቶቹ ገና ያልጠነከሩ ሕፃን ነው።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ሰላት የዲናችን ምሰሶ ነው። ልጆቻችንን በሰላት እንድናዝ የተነገረን ግን ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ነው። ከዚያ በፊት ልጁ አጠገባችን ቆሞ እያየ፣ እየኮረጀ፣ ሱጁዳችን ላይ እየተንከባለለ ይማራል። ምሰሶው እንኳ ሰባት ዓመት ከተጠበቀለት፣ «ኤ ፎር አፕል» በአራት ዓመቱ በለቅሶ ካልተጻፈ የሚወድቅ ቤት አለ?

ደግሞም ባዶ ደብተር ሥራ ፈትነት አይደለም። ያ ድቡልቡል እንጨት አናቱ ላይ ትንሽ መያዣ አለው፤ ልጁ የሚይዘው ነገ እርሳስ በሚይዝባቸው ሦስት ጣቶች ነው። ፊደሎቹ በአሸዋ ወረቀት ተሠርተው ሰሌዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ ልጁ ድምፁን እያለ በጣቱ ይከተላቸዋል። እርሳስ ሳይነሳ እጁ መንገዱን ያውቃል። እኛ የምንፈልገው ማስረጃ ወረቀት ላይ ስላልሰፈረ ልጁ ምንም አልሠራም እንላለን።

ሦስተኛው ተወቃሽ፦ እኛ ቁርአን አስቀሪዎች

ይሄን ክፍል ዘልዬው ልሄድ ፈልጌ ነበር። ግን ሌላውን ወቅሶ ራስን ማስመለጥ አይሆንም።

እኔ የቀራሁት ወሎ ነው። እያንዳንዳችን የራሳችን የእንጨት ለውሕ ነበረን። ጥላሸት በጥብጠን ቀለም እንሠራለን። የዕለት ትምህርታችንን እንጽፋለን፣ እንቀራለን፣ ሼኻችን ፊት እናቀርባለን፤ ሲያልፉን ለውሑን አጥበን ሌላ እንጽፋለን። አንዱ አሊፍ ባ ላይ ነው፣ ጎኑ ያለው ግማሽ ቁርአን አድርሷል። ሁሉም በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ትልቁ ደረሳ ትንሹን ያስቀራል። ያን ሐሙስ በርጩማ ላይ ሆኜ የለመድኩት ነገር የመሰለኝ ለዚህ ነበር። በእጅ የሚዳሰስ ፊደል፣ የተደባለቀ ዕድሜ፣ የራስ ፍጥነት፤ ይሄ ሁሉ የአባቶቻችን ነበር። የአብነት ተማሪውም በየኔታው ሥር በዚሁ መንገድ ነው የተማረው።

እኛ በከተማ ምን አደረግነው? ስልሳ ሰባ ልጅ አንድ ክፍል ሰብስበን በአንድ ድምፅ አስጮኽናቸው። ለውሑን ጣልን፤ የአባቶቻችንን አለንጋ ግን አልጣልንም። እኔ ራሴ መትቻለሁ። ከመስጂዱ ጎን ባለችው ክፍላችን የስድስት ዓመት ልጅ አንዲት ሐርፍ ስለሳተ መዳፉን መትቼዋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ የሚያውቀውን አያህ እንኳ በዝግታ፣ ዓይኔን እያየ ነው የሚቀራው። እኔ ተርቲል መስሎኝ ነበር። ፍርሃት ነው።

«ልጅ ካልተመታ አይማርም» ለምትሉ ኡስታዞች፣ ይሄን የተቃወሙት የዘንድሮ ፈረንጆች ብቻ አይደሉም። ኢብኑ ኸልዱን (1332–1406) ሙቀዲማው ውስጥ በጭካኔ የሚማር ልጅ ስንፍናን፣ ውሸትንና ማስመሰልን እንደሚለምድ ተናግሯል። ኢማም አል-ገዛሊም ልጅ ከትምህርቱ በኋላ እንዲጫወት ካልተፈቀደለት ልቡ እንደሚሞት አስጠንቅቀዋል። «በአስር ዓመት ምቱ ተብሏል» የሚል ይኖራል። እሱ የሰላት ጉዳይ ነው፣ ለአስር ዓመት ልጅ ነው፣ ዑለማዎችም ወሰን አብጅተውለታል። የአንተ አለንጋ ያረፈው በስድስት ዓመት ልጅ ላይ፣ በአንዲት ሐርፍ ነው።

አነስ ኢብኑ ማሊክ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ከልጅነቱ ጀምሮ አስር ዓመት አገልግሏል። አንድም ቀን በሠራው ነገር ለምን ሠራኸው ተብሎ እንዳልተወቀሰ መስክሯል። የሱጁዱንም ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ወጣ፤ ሱጁዱ ረዘመ፤ ሰሓቦች የሆነ ነገር የተከሰተ መሰላቸው። ሲጠየቁ ልጁ እስኪበቃው ድረስ ሊያስቸኩሉት እንዳልወደዱ ነገሯቸው። ሰላት ላይ ናቸው፣ ከኋላቸው ጀማዓ አለ፣ ልጁ የሚሠራውም ጨዋታ ነው። ጠበቁት። እኛ ጫማ እስኪያስር አንጠብቅም።

ላለመዋሸት ያህል

ሞንተሶሪ ተአምር ነው እያልኩ አይደለም። ክፍያው ለብዙ የአብነት ቤተሰብ አይቀመስም። ሴትየዋ ለሕፃናት ምናባዊ ተረት ብዙም አትወድም ነበር፤ እኔ ግን የአያቴን ተረት በየትኛውም እንጨት አልለውጥም። ዲኑንና ቋንቋውን ደግሞ ቤታችሁ ካላስተማራችሁት ማንም አያስተምርላችሁም።

መክፈል የማትችሉ ግን ምንም አልቀረባችሁም። ባቄላና ሽንብራ ደባልቃችሁ ልጁ ይለይ። ውሃ በትንሽ ጆግ ይቅዳ፤ ቢፈስ መወልወያውን ስጡት። ክዳንና ጣሳ ምን አለሽ ተራ በርካሽ ይገኛል፤ የትኛው ለየትኛው እንደሚገጥም ይፈልግ። ጫማውን ራሱ ይሰር። አስር ደቂቃ ቀድማችሁ ተነሱ እንጂ አትንጠቁት። ልጃችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነም ገብታችሁ ለማየት ጠይቁ። ልጁ የናንተ አማና ነው።

ወደዚያ ነጋዴ ወንድማችን ልመለስ። «መጀመሪያ ሄደህ አንድ ሰዓት ተቀመጥ፤ ከዚያ የፈለግከውን አድርግ» አልኩት። ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ሄደ። በጁምዓ ተገናኘን። «ጃኬቱን ራሱ ቆለፈ ኡስታዝ። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። እኔ ሩብ ሰዓት አላዩትም ነበር፤ አምስት ጊዜ ተቆጥቼው፣ ቆልፌለት፣ አልቅሶ ነበር» አለኝ። ልጁን እስካሁን አላስወጣውም። ባለቤቱ ግን አሁንም ደብተር ትጠይቃለች፤ እሱም ሲመሽ ይጠራጠራል። እኔም አንዳንድ ቀን እጠራጠራለሁ።

የኔ ክፍል ውስጥ አለንጋው ከወጣ አምስት ሳምንት ሆነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጫጫታው ጎረቤት አስወቅሶኛል። አሁን ትልልቆቹን ከትንንሾቹ ጋር ጥንድ ጥንድ አድርጌ አስቀምጫለሁ። ያን የመታሁትን ልጅ አውፍ በለኝ ብዬዋለሁ። ዝም ብሎ አየኝ። አሁንም ሲቀራ ዓይኔን ያያል። እጠብቀዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ሰፈራችን አብነት ነው ስሙ፤ ልጅ የሚማረውም ከሚያየው አብነት ነው። እስቲ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ሰዓት ቁጭ ብለን እንያቸው። አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፣ በነሱ ላይ ከመቸኮል ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።